ቫዝሊኑን ቆዳው ሳይደርቅ ቀቡት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ሲገባ ንፋሱ ደረቅ ነው፣ አቧራው አይጣል ነው። የልጆቼ ቅልጥም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲያኩ ያድራሉ።

እኛን የጠቀመን ይሄ ነው። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥባቸዋለሁ፤ በጣም የሞቀ ውሃ ቆዳን ይብሱን ያደርቃል። በፎጣ አልፈትግም፣ ጫን ጫን ብቻ። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባቸዋለሁ። ቫዝሊን ውስጡ ውሃ የለውም፤ ቆዳው ላይ ያለው እንዳይተን ነው የሚይዘው። ደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ሎሚ ግን እባካችሁ አታስነኩ፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላል።

የሚያስነጥሰው ሰው ቤት ካለ ደግሞ፣ ንፋስ በበዛበት ቀን አንሶላና ትራስ ልብስ ውጭ አታስጡ፤ አቧራው ይለጠፍበታል።