የጦር መርከብን ታሪክ ከአንድ አሮጌ ፖስታ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አሮጌ የባህር ኃይል ፖስታ እጃችሁ ከገባ ቴምብሩን ለመላጥ አትቸኩሉ። ቴምብሩ ብቻውን ብዙ ጊዜ ዋጋ አያወጣም። ታሪኩ ያለው ማህተሙና የላኪው አድራሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፖስታውን እንዳለ አስቀምጡት። አሠራሩን በአሜሪካዋ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) «ዋርድ» ላሳያችሁ።

መጀመሪያ የመርከቧን ሕይወት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማህተሙን ከመመርመራችሁ በፊት ማለቴ ነው። የዋርድ ይህን ይመስላል (ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፦ ሜይ 15 ቀን 1918 ካሊፎርኒያ ሜር አይላንድ ላይ ግንባታዋ ተጀመረ። ጁን 1 ውሃ ላይ ወረደች፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም። ጁላይ 24 አገልግሎት ጀመረች። በ1921 ከአገልግሎት ወጥታ ቆመች። ጃንዋሪ 1941 እንደገና ተጠራች።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ ማለትም በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1934፣ ማለዳ ላይ ዋርድ በሃዋይ ከሚገኘው የአሜሪካ ባህር ኃይል ወደብ ከፐርል ሃርበር መግቢያ አጠገብ አንዲት ትንሽ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ መትታ አሰጠመች። የጃፓን አውሮፕላኖች ወደቡን የደበደቡት ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ነው። ሰርጓጇ በ2002 ባህር ውስጥ ስትገኝ የዋርድ ጥይት የበሳት ቀዳዳ አብሮ ታየ። በ1943 ዋርድ ወደ ወታደር ማጓጓዣነት ተቀየረች። ሰርጓጇን ካሰጠመች ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1944፣ ፊሊፒንስ ኦርሞክ ላይ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን መታት። እሳቱ አልጠፋ ሲል «ኦብራየን» የተባለች ዲስትሮየር በመድፍ አሰጠመቻት። የኦብራየን አዛዥ ዊሊያም አውተርብሪጅ ደግሞ በ1941 የዋርድ አዛዥ የነበረው ሰው ነው! የራሱን መርከብ በራሱ ትእዛዝ ማስመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

አሁን ወደ ማህተሙ እንሂድ። አጉሊ መነጽር ያዙ። በአሜሪካ ባህር ኃይል መርከቦች ላይ ፖስታ ቤት የተፈቀደው በ1908 ነው። ሥራውን የሚሠራው ራሱ መርከበኛ ነው። ክቡ ላይ የመርከቧ ስም፣ መሃሉ ላይ ቀኑ ይቀመጣል። ከጎኑ ቴምብሩን የሚሰርዙ አግድም መስመሮች አሉ። በ1930ዎቹ ማህተሞች ላይ በመስመሮቹ መካከል መርከቧ ያለችበት ቦታ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ማህተሙን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። አንድ ሰው «የዋርድ ማህተም ነው» ብሎ 1932 የሚል ፖስታ ቢያመጣላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ያኔ መርከቧ ሠራተኛ አልባ ቆማ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 የሚል ማህተም ካያችሁ ደግሞ በደንብ ጠርጥሩ። የዚያ ቀን ማህተም ስለሚፈለግ አስመስለው የሚሠሩ አሉ።

የጦርነቱ ዘመን ይለያል። ከ1942 ጀምሮ ለደህንነት ሲባል የመርከቦች ስም ከማህተም ወጣ። አንዳንዶቹ ላይ ስሙ ከማህተሙ ተፍቆ የክቡ ላይኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ይታያል። ከዚያው ዓመት ኤፕሪል ጀምሮ በጦርነቱ ጊዜ ወታደሩ ለተራ ደብዳቤ ቴምብር አይከፍልም ነበር። በቴምብሩ ቦታ «ነጻ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ በእጁ ይጽፋል። ከአጠገቡ የሳንሱር ማህተም ይኖራል፤ ደብዳቤውን ያነበበው መኮንን ፊርማም እዚያው ነው። ታዲያ መርከቧን በምን ትለያላችሁ? በላኪው አድራሻ። ከላይ በግራ ጥግ ስሙን፣ የመርከቡን ስምና የፖስታ መሰብሰቢያውን፣ ለምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮን፣ ይጽፋል።

ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ምንም አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ። ፎቶ አንሱትና ማስታወሻችሁን ለብቻ ያዙ።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ «ኦርካ»ን ሞክሩ። ዲስትሮየር አይደለችም፣ የባህር አውሮፕላኖች ረዳት መርከብ ነበረች። ጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀመረች፣ ጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ባህር ኃይል ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን በኦርካ ስም የታተመ ፖስታ ከቀረበላችሁ ለሻጩ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኖራችኋል።