ነፃ የኤችቲኤምኤል ኤዲተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤችቲኤምኤል (HTML) ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ ፋይሉም ተራ ጽሑፍ ነው። በአንዱ ኤዲተር (ኮዱን በሚጽፉበት ሶፍትዌር) የጀመሩትን ገጽ በሌላው ከፍተው መቀጠል ይችላሉ። ስለዚህ ኤዲተር ሲመርጡ መጀመሪያ ማየት ያለብዎት ፋይልዎን ንጹህ አድርጎ የሚያስቀምጥ መሆኑን ነው። የቀለሙ ማማርና የተጠቃሚው ብዛት በኋላ የሚታይ ነው።

ወርድን እንደ ኤዲተር መጠቀም

ወርድ ላይ ጽፎ እንደ ድረ ገጽ ሴቭ ማድረግ ያጓጓል፤ ብሮውዘር ላይ ሲከፈትም ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ያንኑ ፋይል በኖትፓድ ሲከፍቱት ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ የጻፉበት ገጽ «ኤምኤስኦ» ብለው በሚጀምሩ የስታይል ትእዛዞች ተሞልቶ በመቶ የሚቆጠር መስመር ሆኖ ይጠብቅዎታል። ትእዛዞቹ የገቡት ፋይሉ ተመልሶ በወርድ ሲከፈት መልኩን እንዳይለቅ ነው፤ ለብሮውዘሩ የሚፈይዱት የለም።

ማክ ላይ ቴክስትኤዲትም የራሱ ወጥመድ አለው። ሲከፈት ሪች ቴክስት ላይ ስለሆነ፣ ከፎርማት ሜኑ ወደ ተራ ጽሑፍ ካልቀየሩት የጻፏቸው ታጎች (እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ ለብሮውዘሩ የሚነግሩት ምልክቶች) ገጹ ላይ እንዳሉ ይነበባሉ።

ኮዱን የሚደብቅ ኤዲተር መያዝ

እየጎተቱ በማስቀመጥ ገጽ የሚያሠሩ ነፃ ኤዲተሮች ለጀማሪ ይመቻሉ። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መስመሩን መርጠው ያደምቁታል፣ መጠኑን ያሳድጉታል፤ ለዓይን ርዕስ ሆነ። ኮዱ ውስጥ ግን ርዕስ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ያለው የፊደል መጠን የተጻፈበት፣ ራሱ ግን ትርጉም የሌለው ስፓን የሚባል ታግ ነው። ለዓይነ ስውራን ገጽ የሚያነብ ሶፍትዌር ከርዕስ ወደ ርዕስ ሲዘል ያንን መስመር አያገኘውም።

ለመለየት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና አለ። በኤዲተሩ አንድ ርዕስ፣ አንድ አንቀጽና ሦስት ነጥብ ያለው ዝርዝር ይሥሩና ሴቭ ያድርጉት፤ ከዚያ ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈቱት። ርዕሱ ኤች1 (h1) ውስጥ፣ አንቀጹ ፒ (p) ውስጥ፣ ነጥቦቹ ኤልአይ (li) ውስጥ ከተቀመጡ ኤዲተሩ ሥራውን ያውቃል። ዲቭ (div) የሚባለው የክፍል ታግ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ እያንዳንዱ የፒክስል ልክ ከተሸከመ ግን ሌላ ይፈልጉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራስዎ ሊያርሙት የማይችሉት ገጽ ይሆናል።

ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም። ኮዱንና ገጹን ጎን ለጎን የሚያሳይ ከሆነ ለመማሪያም ይሆናል። አንዳንድ የኦንላይን አገልግሎቶች ደግሞ ገጹን በነፃ ያሠሩዎትና ፋይሉን ላውርድ ሲሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ ወይም ጭራሽ አይሰጡም። ይህን ሳይጀምሩ ይጠይቁ።

ባለቤት የሌለውን ሶፍትዌር ማውረድ

«ምርጥ ነፃ ኤዲተሮች» የሚሉ ዝርዝሮች ለዓመታት ሳይነኩ ይቀመጣሉ። አዶቤ ብራኬትስ ለተባለው ኤዲተሩ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2021 ነው። የኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ አተም የተባለውን ኤዲተሩን የዘጋው ደግሞ በታኅሣሥ 2022 ነው፤ ጊትሃብ ያን ጊዜ የሌላው ኤዲተር የቪኤስ ኮድ (ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ) ባለቤት የማይክሮሶፍት ንብረት ስለነበር ብዙም የሚያስገርም አልነበረም። ኮምፖዘር የተባለው ኤዲተር የመጨረሻ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ኤችቲኤምኤል5 የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው በደብሊው3ሲ የጸደቀው በጥቅምት 2014 ነው። በዚያ ኤዲተር ዛሬ የሚጀምር ሰው ከኤችቲኤምኤል5 ጋር የመጡትን ሴክሽንና አርቲክል የሚሉ ታጎች በማያውቅ መሣሪያ ይሠራል።

ከማውረድዎ በፊት በዋናው ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻው እትም መቼ እንደወጣ ይዩ። ከሌላ ቦታ አያውርዱ፤ በነፃ ሶፍትዌር ስም ማስታወቂያ የሚጭኑ ገጾች ሞልተዋል።

«ነፃ» የሚለውን ሳይመረምሩ ማለፍ

ሰብላይም ቴክስት ያለ ጊዜ ገደብ መሞከር ይቻላል፤ በዘላቂነት ለመጠቀም ግን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ኮድፔን በተባለው የኦንላይን ኤዲተር ላይ በነፃ አካውንት የሚጽፉት ሁሉ ለሕዝብ የሚታይ ስለሆነ የደንበኛ ሥራ አይጻፍበትም። ቪኤስ ኮድ ነፃ ነው፤ የአጠቃቀም መረጃ ወደ ማይክሮሶፍት መላኩ ካልተመቸዎት ሴቲንግ ላይ ያጥፉት ወይም ከዚያው ኮድ የተሠራውን ቪኤስኮዲየምን ይውሰዱ። ቪዥዋል ስቱዲዮ እና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ስሙን አጣርቶ ያላየ ሰው ብዙ ጊጋባይት ካወረደ በኋላ ነው የሚነቃው።

ኢንኮዲንጉን መርሳት

ከላቲን ውጭ ባለ ፊደል የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባ ይህ ነው። ኢንኮዲንግ ፊደላት ፋይሉ ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበት ዘዴ ነው፤ ኤዲተሩ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ላይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የነበረው የዊንዶውስ ኖትፓድ ካልቀየሩት ፋይሉን የኢትዮጵያን ፊደል በማይዘው በአንሲ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ፊደላቱ እንደሚጠፉ የሚናገረውን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ እሺ ካሉት ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ፤ ሰው ያምታታቸዋል። በፊደልዎ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረና ኤዲተሩ ላይም እንዲሁ ከታየ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ቅጂ ከሌለ እንደገና መጻፍ ነው። ብሮውዘሩ ላይ ምልክት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተዝረክርከው ኤዲተሩ ላይ ግን ጽሑፉ ደህና ከሆነ አይደንግጡ፤ ብሮውዘሩ በሌላ ኢንኮዲንግ አንብቦት ነው። ሄድ ታግ እንደተከፈተ ወዲያው ቻርሴቱ (ኢንኮዲንጉ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገረውን ሜታ ታግ (<meta charset="utf-8">) ያስገቡ። ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መግባት ስላለበት ታች አይውረድ። በኖትፓድ++ም ሆነ በቪኤስ ኮድ ኢንኮዲንጉ ከታች በስተቀኝ ተጽፎ ይታያል።

ከኮምፒውተሩ አቅም በላይ መጫን

ቪኤስ ኮድ የተሠራው በኤሌክትሮን ነው፤ ማለትም ውስጡ ብሮውዘር ስላለ ራም ይበላል። ራሙ ትንሽ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ኖትፓድ++ ይሻላል፤ እሱ ግን የዊንዶውስ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ላለ ሰው ጂኒ (Geany) ወይም ብሉፊሽ (Bluefish) አለለት።

ኤክስቴንሽን (ኤዲተሩ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ማብዛትም እዚሁ ይመደባል። ቪኤስ ኮድ የመዝጊያ ታግን ራሱ ይሞላል፤ አጭር ምልክትን ወደ ሙሉ ኮድ የሚዘረጋው ኤሜትም አብሮት ይመጣል። ባዶ የኤችቲኤምኤል ፋይል ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት (!) ጽፈው ታብ ይጫኑ፤ የገጹ አጽም ከነቻርሴቱ ይዘረጋል። ለዚህ ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም።

ኤዲተሩ ዝም አለ ብሎ ገጹ ትክክል ነው ማለት

ብሮውዘር ይቅር ባይ ነው። ያልተዘጋ ዲቭ ቢያገኝ ምንም ሳይናገር በራሱ ግምት ዘግቶ ያልፋል። ቪኤስ ኮድም የተሳሳተ ኤችቲኤምኤልን ሁሌ አያሳይም። ደብሊው3ሲ በነፃ የሚሰጠው ማረሚያ ላይ ኮዱን ፔስት ቢያደርጉት ስህተቱ በየትኛው መስመር እንዳለ ይነግርዎታል። የስህተቱ ብዛት አያስደንግጥዎ፤ ከላይ ያለውን አንዱን ሲያስተካክሉ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያሉት አብረው ይጠፋሉ።