የታመመ እስስትን ቤት ውስጥ መንከባከብ

እስስት ሕመሙን ይደብቃል። ዱር ውስጥ ደክሞ የታየ የአሞራና የእባብ ቀለብ ስለሚሆን፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ቅርንጫፉን ጨብጦ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ስለዚህ ጠራራ ፀሐይ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ካያችሁት ሕመሙ የዛሬ ሳይሆን የሰነበተ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰጠው እርዳታም ሙቀቱን፣ ውሃውንና ጸጥታውን አስተካክሎ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ማቆየት ነው እንጂ መድኃኒት መሞከር አይደለም።

እዚህ የተጻፉት ቁጥሮች የየመን እስስትን የሚመለከቱ ናቸው። አናቱ ላይ እንደ ቆብ የቆመ አጥንት ያለው፣ የትውልድ አገሩ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የሆነው፣ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በየቤቱ በብዛት የሚረባው እሱ ነው። የእኛ የደጋ እስስቶች፣ ለምሳሌ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ የሚኖሩት፣ ቅዝቃዜ የለመዱ ስለሆኑ ይህ ሙቀት ይጎዳቸዋል። ግቢያችሁ ውስጥ በማለዳ ጠቁሮና ደንዝዞ ያገኛችሁት እስስት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አልታመመም፤ ፀሐይ እስክትወጣ እየጠበቀ ነው። አንስታችሁ ቤት አታስገቡት።

ሳትነኩት ተመልከቱት

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል እዩት። ሰውን «እንደ እስስት ተለዋወጠ» እንላለን፤ የእስስት ቀለም ግን ቅጠል ለመምሰል ብቻ አይለወጥም፣ ሙቀቱንና ስሜቱንም ይናገራል። ጠዋት ሙቀት ለመሰብሰብ መጥቆሩ፣ ሌሊት ተኝቶ መገርጣቱ ጤና ነው። ከሞቀ በኋላም እኩለ ቀን ላይ ጠቁሮ ወይም አመድ መስሎ ከዋለ ግን አንድ ነገር አለ። አያያዙንም እዩ፤ ጤነኛው ሆዱን ከእንጨቱ ከፍ አድርጎ ይራመዳል፣ የታመመው ሆዱን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፣ ጅራቱም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ኩሱ ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ ቡናማው ከምግቡ የቀረው፣ ነጩ ደግሞ ሽንቱ ነው። ነጩ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ብቻ ትንሽ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። መላው ብርቱካንማ ሆኖ ሲደርቅና እንደ ጠመኔ ሲፈረፈር እስስቱ ውሃ ተጠምቷል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ከሰረጎደም ጥማቱ ከፍቷል።

ክብደቱን በግራም በሚለካ የኩሽና ሚዛን መዝኑ። ሚዛኑ ላይ አጭር እንጨት አስቀምጣችሁ ንባቡን ዜሮ አድርጉና እስስቱ ራሱ እንዲወጣበት አድርጉ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት እየመዘናችሁ ጻፉ። አንድ አሥረኛውን ማጣት፣ ማለትም 120 ግራም የነበረው 108 መግባቱ፣ በዓይን ባይታይም ከባድ ነው።

ሙቀት

እስስት የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ከቀዘቀዘ የሰውነቱ መከላከያ ይደክማል፣ የበላውም ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከምግብ በፊት ሙቀት። ቴርሞሜትሩን የቤቱ፣ ማለትም እስስቱ የሚኖርበት ሳጥን፣ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሲሞቅ ጀርባው በሚደርስበት ከፍታ ላይ አድርጉት። ለወንዱ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ፣ ለሴቷ 27 ገደማ ይበቃል። የቤቱ ሌላው ወገን ከ22 እስከ 25 ይሁን፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ካጣ ሙቀቱ ራሱ ይገድለዋል። ጤነኛው ሌሊት 18 ዲግሪን ይችላል፣ ለታመመው ግን ከ22 በታች ባይወርድ ይሻላል። ሌሊት ለማሞቅ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ተጠቀሙ፤ ቀይ አምፖል እንቅልፉን ይነሳዋል። ማሞቂያው አናቱ ከሚደርስበት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ እስስት ቆዳው እየተቃጠለም ከቦታው ላይነሳ ይችላል።

ሌላው መብራት ዩቪቢ፣ ማለትም ፀሐይ የምትሰጠውን ዓይነት በዓይን የማይታይ ጨረር የሚሰጥ፣ ነው። ጠምዛዛው ትንሽ አምፖል አይበቃም፤ ረጅሙ ቲ5 ቱቦ፣ 5.0 ወይም 6 በመቶ የተጻፈበት፣ ከእስስቱ ጀርባ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀን 12 ሰዓት ይብራ። ቱቦው ብርሃን መስጠቱን ሳያቆም ዩቪቢው ስለሚደክም በየዓመቱ ቀይሩት። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ምትክ አይሆንም፤ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋል።

ውሃ

ብዙ እስስት ሳህን ላይ የረጋ ውሃ ቢያይ ውሃ መሆኑን አያውቀውም። የሚጠጣው ከቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው። የሆስፒታል ግሉኮስ ማንጠልጠያ ቱቦ ለዚህ ይመቻል፤ ንጹሕና አዲስ የሆነውን ከውሃ ዕቃ ጋር አያይዙና በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ እንዲወርድ መዝጊያውን አስተካክሉ። ለታመመው በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ። ለብ ባለ ውሃ ቅጠሉን ለብዙ ደቂቃ መርጨትም መጠጣትን ያነሳሳዋል፤ ሲረጭ ዓይኑን እያሽከረከረ ቢያጥብ መልካም ነው። በመሃል ግን ቤቱ ይድረቅ። ቀን እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይበቃል፤ አየር በማይገባበት ቤት ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ውሃ ሳንባን ያሳምማል።

ካልጠጣ፣ መርፌ በሌለው 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍንጫው ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ አኑሩና ጠብቁ። ጠብታው ወደ ከንፈሩ ይወርዳል፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ከዋጠ በኋላ ሁለተኛውን። 100 ግራም ለሚመዝን በቀን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። አፉን በግድ ከፍታችሁ ውሃ አትርጩበት፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ አፉ ወለል ላይ ስለሆነ ውሃው ሳንባ ይገባል። ሳፋ ውስጥ መንከርም አይገባም። የዛፍ እንስሳ ነው፣ ይሸበራል።

ምግብ

ውሃ ያልጠጣና ያልሞቀ እስስት አይመገብ። አንድ ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትም። ፍላጎቱ ሲመለስ የሐር ትል ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ለስላሳና ውሃ ያለው ነው። ፌንጣ ከሰጣችሁ ያልተበላውን ከመመሸቱ በፊት ልቀሙ፤ የተራበ ፌንጣ ሌሊት የደከመውን እስስት ይነክሳል። በሲሪንጅ የሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ ሐኪም መጠኑን ሲነግራችሁ ብቻ ነው።

የሚያጋጥሙ ሕመሞች

አጥንት መልፈስፈስ በብዛት የሚታየው ነው። ካልሲየም ወይም ዩቪቢ ሲጎድለው ሰውነቱ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል። ክንዱ ይጎብጣል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ ምላሱ ግማሽ ድረስ ብቻ ይወነጨፋል፣ እንጨቱን ልጨብጥ ሲል የራሱን እግር ይጨብጣል። እንጨቶቹን ወደ ታች አውርዱ፣ ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፉ። በምንም ምክንያት ከእንጨት ላይ ጎትታችሁ አታንሱት፤ አጥንቱ እጃችሁ ላይ ይሰበራል። እጃችሁን ከደረቱ ፊት አድርጋችሁ ራሱ እንዲወጣ ጠብቁ። ያለ ቫይታሚን ዲ3 የተዘጋጀ የካልሲየም ዱቄት በየምግቡ ላይ በስሱ፣ ዲ3 ያለበት ማሟያ በወር ሁለቴ፤ ዲ3 ሰውነት ውስጥ ስለሚከማች ማብዛቱም መርዝ ነው። ሐኪም ሕመሙን ሊያቆመው ይችላል፣ የጎበጠው አጥንት ግን አይቃናም። ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

አተነፋፈስ፦ ከመብራቱ ሥር አፉን ቢከፍት ሞቆት ይሆናል። ከመብራቱ ርቆ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ እንደ ጣት ጩኸት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ፣ አፉ ጠርዝ ላይ አረፋ ካለ ግን የሳንባ ኢንፌክሽን ነው። የሚድነው ሐኪም በክብደቱ ልክ በሚያዝዘው አንቲባዮቲክ ነው። ለሰው የታዘዘ አሞክሳሲሊን ከፍቶ በግምት መስጠት እስስቱን ሊጎዳ ወይም ተህዋሱን ሊያላምድ ይችላል።

ዓይን ካበጠ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ በቀስታ እጠቡት። ስቴሮይድ ያለበት የሰው ዓይን ጠብታ አይነካው። ዕብጠቱ በሁለት ቀን ካልጎደለ የቫይታሚን ኤ እጥረት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

የሴቷ ነገር ለብቻው ነው። የየመን እስስት ወንድ ሳያገኛትም እንቁላል ትጥላለች፣ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ከ50 በላይ። መቆፈሪያ ካጣች እንቁላሉ ውስጧ ይቀርና ይገድላታል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ያንኑ ያህል ስፋት ባለው ባልዲ አሸዋና አፈር ሙሉ፤ እርጥበቱ ልክ የሚሆነው በጣታችሁ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ሳይደረመስ ሲቆም ነው። ቤቱን በጨርቅ ጋርዱና ተዉአት፤ ሰው ካየች ትታው ትወጣለች። ቆፍራ ቆፍራ ሳትጥል ከተወችና ወለል ላይ ዓይኗን ከጨፈነች ያኔውኑ ወደ ሐኪም።

ወደ ሐኪም ሲኬድ

ቀን ዓይኑን የሚጨፍን፣ ከእንጨት የሚወድቅ፣ አረፋ ያለው፣ የተሰበረ ወይም የተቃጠለ እስስት ነገ አይባልለትም። ስትደውሉ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም መኖሩን ጠይቁ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እስስት አያክምም። አየር የሚገባበት ካርቶን ውስጥ ፎጣና የሚጨብጠው እንጨት አድርጉ፣ ክዳኑን ዝጉ፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። የመኪናው ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የቤቱን፣ የመብራቶቹንና የዱቄቶቹን ስያሜ ፎቶ አንሱ፤ ሐኪሙ ግማሹን መልስ የሚያገኘው ከዚያ ነው። የጥገኛ ተህዋስ ምርመራ እንዲደረግለት የዕለቱን ኩስ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ፍሪጅ አስቀምጡ፣ በረዶ ቤት አታስገቡት። ዕቃው ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ ምግብ ከሚነካው መደርደሪያም አርቁት፤ እስስት ሳልሞኔላ ሊይዝ ስለሚችል ዕቃዎቹ የኩሽና ማጠቢያ ውስጥ አይታጠቡ፣ እጃችሁንም ከያንዳንዱ ንክኪ በኋላ በሳሙና ታጠቡ።