ወንዝ ዳር ፓርክ የተረከበ የተፈጥሮ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹ የአዲስ አበባ ወንዞች ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ጓሮ ሆነው ኖረዋል፤ ቤቱ ጀርባውን ይሰጣቸዋል፣ ቆሻሻው ወደ እነርሱ ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ከተነሳ ወዲህ ግን ወንዝ ዳር ፓርክ እየበዛ፣ ፓርኩን የሚመራ የተፈጥሮ ባለሙያም እየተፈለገ መጥቷል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው አበባ ማጠጣት ይመስላል። ደግሞ እንዲህ ያለውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት ሰነፎች አይደሉም፤ እጃቸው ማረፍ የማይችል ትጉሆች ናቸው።

ወንዙ ከአጥሩ እንደሚጀምር ማሰብ

ካርታው የሚያሳየው የፓርኩን ክልል ብቻ ነው። ውኃው ግን ከእንጦጦ ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር ያልፋል፣ ወደ አቃቂ ይወርዳል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። ፓርኩ ውስጥ የሚሸተው ውኃ የተበላሸው ከፓርኩ በላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ባለሙያ ቢሮ ተቀምጦ ዕቅድ ከመጻፉ በፊት ቦቲውን አጥልቆ ሽቅብ ይሂድ። የትኛው መጸዳጃ ቤት በቱቦ እንደሚለቅ፣ የትኛው ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እንደሚደፋ፣ በየትኛው ድልድይ ሥር ቆሻሻ እንደሚጣል ይመዝግብ።

ላቦራቶሪ ከሌለ ድንጋይ አለ። ጓንት አድርጎ የጡጫ ያህል ድንጋይ ከውኃው ማውጣትና ሥሩን ማየት ነው። ድንጋዩ ላይ ልጥፍ ብለው የሚንሸራተቱ፣ ከኋላቸው ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ጥቃቅን እጮች ከተገኙ ውኃው ገና ይተነፍሳል። ድንጋዩ በሚያሙለጨልጭ ጥቁር ነገር ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ቀያይ ትል መሳይ ነገሮች ብቻ ከተርመሰመሱ ግን ኦክስጅኑ አልቋል ማለት ነው። እነዚህ ቀያዮች የማይናከሱ የቢምቢ ዘመዶች እጮች ናቸው። መልካቸውን ያቀላው በእኛም ደም ውስጥ ያለው ዓይነት ሄሞግሎቢን ሲሆን ሌላው ፍጥረት በማይኖርበት ጭቃ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ከአንድ ቱቦ በላይና በታች የተነሱ ሁለት ድንጋዮች ለክፍለ ከተማ ኃላፊ ከረጅም ሪፖርት የበለጠ ያስረዳሉ።

በጥር ያዩትን ወንዝ ማመን

በጥር ወንዙን ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። አግዳሚ ወንበሩ፣ የእግር መንገዱ፣ የልጆች መጫወቻው የሚቀየሰውም በዚያን ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ሌላ ወንዝ ይመጣል። ድሬዳዋ ይህን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በመራራ መንገድ አውቃዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደጫቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ጎርፉ የት ድረስ እንደሚደርስ ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም፤ ከወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ፌስታሎች ማየት ይበቃል። የጽዳት ሠራተኞች ከመልቀማቸው በፊት ከፍታቸው በሜትር ይለካና ይመዝገብ። ከዚያ መስመር በታች የሚሠራ ነገር ሁሉ ጎርፍ ቢያልፍበት የማያሳዝን መሆን አለበት።

ጎርፍ የፈራ ሰው ደግሞ ወንዙን ግራና ቀኝ በድንጋይ ግንብ ለማጠር ይቸኩላል። ግንብ ውኃውን አያስቆመውም፤ ያፈጥነዋል እንጂ። ጉዳቱም ከፓርኩ ወጥቶ ታች ያለው ሰፈር በር ላይ ይደርሳል። ቤት ወይም ድልድይ አጠገብ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ጋቢዮን የሚባለው በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ክምር ከሲሚንቶ ይሻላል፣ በድንጋዮቹ መካከል የአኻያ ቅርንጫፍ ሊሰካበት ይችላልና። አኻያ ከተቆረጠ እንጨት ሥር የሚሰድድ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፤ እሱን ችግኝ ጣቢያ ሄዶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ባሕር ዛፍን በአንድ ቀን መጨረስ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ውኃ እንደሚጠጣና ሥሩ ብዙ ነገር እንደማያበቅል ያልሰማ የለም። ክሱ እውነት ነው። ይሁንና በገደላማ ዳርቻ ላይ አፈሩን የያዘው ሥር የእሱ ብቻ ከሆነ በግንቦት የጨፈጨፈው ሰው በነሐሴ ዳርቻውን ያጣዋል። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚሞት ዛፍ አይደለም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ተራ በተራ ማሳሳት፣ በተለቀቀው ቦታ የአገር ዛፍ ማቋቋም፣ ከጉቶው የሚወጣውን ቡቃያ እየተከታተሉ መቁረጥ ይሻላል። ለውኃው ቅርብ ሾላና አኻያ፣ ከፍ ሲል ዋንዛና ብርብራ፣ ውኃ ከማይተኛበት ደረቅ ተዳፋት ላይ ጥድና ወይራ። ሁሉንም በአንድ መስመር እንደ ሰልፈኛ ያቆመ ፓርክ ያየ ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ስንት እንደተተከለ የሚገልጸው ሰሌዳም ከሁለት ክረምት በኋላ ስንት እንደጸደቀ ቢናገር ኖሮ በየሰሌዳው ያለው ቁጥር ያነሰ ይሆን ነበር።

በክረምት ሣር ማጨድ

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታይን ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው ወፍ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ በደጋው ሣር ከምናውቃቸው መካከል በጥቁር ላባቸው ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ጣል ያደረጉት ይገኙበታል። ወንዱ ዝናቡን ተከትሎ ያጌጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ዓይን ሳይስብ ይከርማል። ጎጆው የሚሠራው በረጅሙ ሣር መካከል፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነው። ነሐሴ ላይ «ለበዓሉ ፓርኩን እናሳምር» ተብሎ ማጨጃው ሲነሳ እንቁላሉም ጫጩቱም ከሣሩ ጋር ይታጨዳል።

የእግር መንገዱ ዳርና ሰው የሚቀመጥበት መስክ በየጊዜው ይታጨድ። የቀረው እስከ ኅዳር ይቆይ፤ ያን ጊዜም ግማሹ ብቻ ይታጨድና ሌላው ግማሽ ለከርሞ ይተላለፍ። ለጎብኚው «ወፎች እየፈለፈሉ ነው» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ሲተከል «ለምን አታጭዱም?» የሚለው አቤቱታ ይቀንሳል። የማይታለፉት ፓርቴኒየምና የወፍ ቆሎ የተባሉት መጤ አረሞች ናቸው፤ ፓርቴኒየም ሳያብብ በጓንት መነቀል አለበት፣ ቆዳ ያሳክካል።

የደረቀ ዛፍ ሁሉ ማገዶ አይደለም። በሰው መንገድ ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይተው፤ ግንደ ቆርቁር የሚፈለፍለው እሱን ነው።

ጅብን በመርዝ ማባረር

የአዲስ አበባ ወንዞች የጅብ መተላለፊያም ናቸው። አቤቱታ ሲበዛ ሥጋ መርዞ መጣል የሚያምራቸው አሉ። መርዙ ጅቡ ጋ አይቆምም፤ በድኑን የሚበላው ጥንብ አንሳ ይከተላል። በከተማችን ሰማይ ላይ ዘወትር የምናያቸው ጥንብ አንሶች ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች መካከል መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ጅቡን የሚጠራው የበግ አንጀትና የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ነው፤ የበዓል ሰሞን ገንዳው በየማታው ከተነሳ ጅቡም ይርቃል።

መንደርተኛውን በአጥር ማራቅ

ፓርክ ከመሆኑ በፊት እዚያ ልብስ የሚያጥብ፣ ጎመን የሚያለማ፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው ነበር። ጥበቃ ቆሞ «ክልክል ነው» ብቻ ሲል የሚሆነውን ከአንዲት ቄጠማ አጫጅ ጋር የተደረገ ንግግር ያሳያል፦

«እማማ፣ እዚህ ማጨድ አይቻልም።»

«ልጄ፣ እኔ ባላጭደው ይኼ ቄጠማ ከየት ይመጣ ነበር? በየዓመቱ ስለምናጭደው አይደል የሚያቆጠቁጠው? እናንተ ናችሁ ድንጋይ የደፋችሁበት።»

እናቲቱ ልክ ናቸው፤ ሥሩ ካልተነካ ቄጠማ መልሶ ይበቅላል። ቸግሮ የነበረው የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ እንቁጣጣሽ የሚመጣው ወፎቹ ሳይጨርሱ ነው። መፍትሔው ቄጠማውን በካስማ መከፋፈል ነው። ከመንገዱ አጠገብ ያለው ለእንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎ ያለው ለመስቀል፣ ውኃው ውስጥ የቆመው ደግሞ እስከ ኅዳር እንዳይነካ። ካስማውን የሚተክሉት አጫጆቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ባለሙያው ጎጆ ያለበትን ያሳያቸው፣ እነርሱም ሌላ ሰው ሌሊት ገብቶ ሲያጭድ ከጥበቃው ቀድመው ይነግሩታል።