የአሮጌ መኪናን የናፍጣ ሞተር በቤንዚን ሞተር እንዴት መቀየር ይቻላል?

አሮጌ ፒካፕ ወይም የጭነት መኪና አለዎት እንበል። ሻንሲው ጤነኛ ነው፣ ካቢኑ አልበሰበሰም፣ የናፍጣ ሞተሩ ግን አብቅቶለታል። ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት የሚልከውን ፓምፕ) ማሳደሱ፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን አፍንጫ) መቀየሩ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ማሠራቱ ሲደመር ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የቤንዚን ሞተር መግጠም ያዋጣል። ብርድ ላይ ቶሎ ይነሳል፣ ድምፁና ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ብዙውን ጊዜ ክብደቱም ቀለል ይላል። የሚያጡትም አለ፦ በዝቅተኛ ዙር የሚገኘውን ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባውን። መኪናዎ ዘወትር ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ከሆነ የእኔ ምክር ናፍጣውን ያድሱት ነው።

ሞተር ብቻ አይግዙ

ይህን ሥራ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ሞተሩ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ሞተር በርካሽ ሲያገኝ ዘሎ ይገዛል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ የለም፣ የነዳጅ ፓምፑ የለም፣ የሞተር መቀመጫው የለም። መኪናው ተፈትቶ ለወራት ይቆማል።

ስለዚህ የራስዎን ሞዴል የሆነ፣ ነገር ግን ከፋብሪካ በቤንዚን ሞተር የወጣ መኪና ይፈልጉ። የተጋጨ ወይም ቦዲው ያለቀ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሞተሩ ሲሠራ ይስሙትና ሙሉውን ይግዙት። ብዙ መኪኖች በሁለቱም ዓይነት ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣውን ቶዮታ ሃይሉክስ ይውሰዱ፦ ባለ 2.4 ሊትሩ 2ኤል ናፍጣ ነው፣ ባለ 2.4 ሊትሩ 22አር ደግሞ ቤንዚን። ፋብሪካው ጥያቄዎቹን አስቀድሞ መልሶልዎታል ማለት ነው።

ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ፊት ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የጄኔራል ሞተርስ 6.2 ሊትር ናፍጣ የቡሎን አቀማመጡ ከሼቭሮሌት ቪ8 ቤንዚን ጋር አንድ ነው። በፎርድ መኪኖች ላይ የነበረው ባለ 6.9 ሊትር ናፍጣ ግን ኢንተርናሽናል የሠራው ስለሆነ ከፎርድ ቤንዚን ሞተሮች ጋር አይገጥምም። በዚህ ጊዜ ካምቢዮውንም አብሮ መቀየር ይቀላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ሲቀየር ፈቃድና ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ኢንሹራንስዎም ማወቅ አለበት።

ማውጣትና ማስገባት

ባትሪውን ይንቀሉ። ውሃውንና ዘይቱን ያፍስሱ፣ ኮፈኑንና ራዲያተሩን ያውጡ። እያንዳንዱን ገመድና ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ምልክት ይለጥፉበት። የናፍጣ ሞተር ከባድ ነው፤ ማንሻው የሚችለውን ክብደት ሳያዩ አይሰቅሉት። የተንጠለጠለ ሞተር ስር ደግሞ እጅም ቢሆን አይግባ።

አዲሱን ሞተር ሲያስገቡ መጀመሪያ ከካምቢዮው ጋር ያጋጥሙት፣ መቀመጫውን ቀጥሎ ያስተካክሉ። ቮላኖውና (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ፍሪሲዮኑ የቤንዚኑ መሆን አለባቸው። ፎር ዊል ድራይቭ ከሆነ የሞተሩ የዘይት መያዣ ከፊት አክሱሉ ጋር እንዳይጋጭ ይለኩ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አክሱሉ ወደ ላይ እንደሚመጣ አይርሱ።

ነዳጁ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ናፍጣ ግን እዚያ ለመድረስ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ለናፍጣ የተሠራ ታንክ ትነቱን የሚይዝ መሣሪያ የለውም። ከተቻለ የቤንዚኑን መኪና ታንክ፣ ክዳኑንና የትነት ቱቦዎቹን እንዳሉ ያዛውሩ። የግድ አሮጌው ታንክ ይሁን ካሉ ለባለሙያ ሰጥተው ያሳጥቡት፤ የቀረ ናፍጣ ካንዴላ ያበላሻል፣ ያጨሳል። ነዳጅ የነበረበትን ታንክ ራስዎ አይበይዱ።

ፓምፑም ይለያል። ካርቡሬተር ወደ 0.3 ባር ግፊት ይበቃዋል፤ ኢንጀክሽን ግን 3 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ቱቦዎቹ ያንን ግፊት የሚችሉ ይሁኑ። የጭስ ማውጫው ከናፍጣው የበለጠ ስለሚግል ከነዳጅ ቱቦና ከገመድ አርቀው ያሳልፉት፣ የሙቀት መከለያም ያድርጉለት።

ፍሬኑ

ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አደገኛውም ይህ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መግቢያው ላይ ያለው ቅጠል ስለሚያፍነው ቫኪዩም ይፈጠራል። የፍሬን ሰርቮው፣ ማለትም ፔዳሉን ሲረግጡ ጉልበት የሚጨምርልዎ ክፍል፣ የሚሠራው በዚያ ነው። የድሮ ናፍጣ ሞተር ይህ ቅጠል ስለሌለው ቫኪዩሙን የሚሰጠው ለብቻው የተገጠመ ፓምፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲወጣ ፓምፑም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤንዚኑ ሞተር የአየር ማስገቢያ ወደ ሰርቮው ወፍራም ቱቦ ይዘርጉ፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩንም ይግጠሙ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይፈትሹት፦ ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ ሲጠነክር እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ መኪናው ከቦታው አይነሳ።

ኤሌክትሪኩ

ናፍጣው በብርድ እንዲነሳ የሚያሞቁትን የማሟቂያ ካንዴላዎች ገመድ ከነሪሌው (ከማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኑ) ያውጡ፤ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚሸከም ገመድ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ባለ 24 ቮልት ናቸው። ያኔ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ አምፖሎቹ፣ ሁሉም ወደ 12 ይቀየራል፤ ይህን ሳያዩ ዋጋ አይገምቱ። ዙር ቆጣሪው በናፍጣ ላይ ምልክቱን ብዙውን ጊዜ ከዲናሞ ይወስዳል፣ በቤንዚን ላይ ደግሞ ከማቀጣጠያው ቦቢና፤ የቤንዚኑን ዳሽቦርድ ቢያዛውሩ ይገላገላሉ።

ዲፈረንሻሉ

የድሮ ናፍጣ ከ4,000 ዙር ብዙም አያልፍም፣ ቤንዚኑ እስከ 5,500 ወይም 6,000 ይሄዳል። ጉልበቱንም የሚያገኘው ከፍ ባለ ዙር ነው። የዲፈረንሻሉ ሬሾ (ጎማው አንዴ እስኪዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ የሚዞረው ብዛት) 3.55 የነበረ መኪና ደክሞት ከታየ ወደ 4.10 መቀየር ሕይወት ይሰጠዋል። ፎር ዊል ከሆነ የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለባቸው። የፍጥነት መለኪያውም ከዚያ በኋላ ይስተካከል፣ አለበለዚያ የተሳሳተ ያነባል።

ማስነሳት

የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ያድርጉ። ነዳጁንና ማቀጣጠያውን ዘግተው የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ ሞተሩን በሞተሪኖ ያዙሩት። ከዚያ ነዳጁን ይክፈቱና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ ትንሽ ጤዛ ብትታይ እንኳ ያቁሙ። ሲነሳ አየሩን ከራዲያተሩ ያስወጡ፣ ሙቀቱን ይከታተሉ።

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የሞተር መቀመጫዎቹንና የቱቦ ማሰሪያዎቹን እንደገና ያጥብቁ። ክብደቱ ስለቀነሰ የመኪናው ፊት ከፍ ሊል ይችላል። የጎማ አሰላለፉን ያሳዩ፣ የፊት መብራቱንም ከፊት የሚመጣን ሰው ዓይን እንዳይመታ ዝቅ ያድርጉት።