የበረሃ መኪናን እንዴት እናቅልል? ብረት አውርዶ ፍጥነት ማግኘት

ወታደራዊ መልክ ያለው መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብረት መጨመርን ነው። ከፊት ወፍራም ፓራውልት፣ ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላ፣ ከሥር 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያስበይዳል። እኔ የምሠራው ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሸዋ ላይ መንዳት ለሚወዱ ሰዎች አሮጌ ላንድሮቨር፣ ጂፕና ላንድክሩዘር እናዘጋጃለን። “አቅም አነሰው፣ ሞተሩ ይታይልኝ” ተብለው ከሚመጡልን መኪኖች ብዙዎቹ ሞተራቸው ጤነኛ ነው። የከበዳቸው የተሸከሙት ብረት ነው።

በረሃ ላይ የተዋጉት ሰዎች ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሜጀር ራልፍ ባግኖልድ ግብፅ ውስጥ ያቋቋመው የረጅም ርቀት የበረሃ ቃኚ ጦር ተራ የሼቭሮሌት ጭነት መኪኖችን ወስዶ በራቸውንና ጣሪያቸውን አነሳ። የብረት ልብስ አላለበሳቸውም። በሐምሌ 1942 የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ሲዲ ሐኒሽ የተባለውን የጀርመን አውሮፕላን ማረፊያ በሌሊት የመታው በ18 ክፍት ጂፖች ነበር። በ1987 ደግሞ የቻድ ጦር በቶዮታ ፒክአፕና በጸረ ታንክ ሚሳይል ታንክና ብረት ለበስ የነበረውን የሊቢያ ጦር ፋዳና ዋዲ ዱም በተባሉ የሰሜን ቻድ ቦታዎች ላይ ድል አደረገ። ያ ጦርነት እስከ ዛሬ “የቶዮታ ጦርነት” ይባላል።

ያንን ዘዴ ለእናንተ መኪና እንዴት እንደምታውሉት ልንገራችሁ። መሣሪያ የሚጫንበት ነገር የለውም። ክብደት፣ ባሌስትራ፣ ጎማና ውኃ ነው።

መጀመሪያ ወስኑ

ብረትና ፍጥነት የሚከፈሉት ከአንድ ኪስ ነው። የአሜሪካኑ ሐምቪ በ1980ዎቹ ሲወጣ ባዶ ክብደቱ 2.4 ቶን ገደማ፣ ሞተሩ 150 የፈረስ ጉልበት ነበር። ለእያንዳንዱ ቶን 63 ያህል የፈረስ ጉልበት ይደርሰዋል ማለት ነው። ብረት የለበሰው ኤም 1114 ሲመጣ ክብደቱ ወደ 4.4 ቶን ወጣ። ሞተሩ ወደ 190 ቢያድግም ለአንድ ቶን የሚደርሰው ወደ 43 ወረደ። ኢራቅ ውስጥ ተጨማሪ ብረት ሲጫንበት ደግሞ ካምቢዮውና የእግሩ ዕቃ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ መገልበጡም በዛ።

መሃል ላይ መቅረትም መፍትሔ አይደለም። እንግሊዞች ለሰሜን አየርላንድ ያዘጋጁትን ቀለል ያለ ብረት ለበስ ላንድሮቨር፣ ስናች የሚሉትን፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን ወሰዱት። መንገድ ዳር ለሚቀበር ፈንጂ በቂ መከላከያ አልነበረውም፤ ብዙ ወታደሮችም ውስጡ ሞቱ። ስለዚህ ጥይት ወይም ፈንጂ በሚያሰጋ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። በፋብሪካ ብረት የለበሰ የኤምባሲ ዓይነት መኪና ካላችሁም ራሳችሁ አትፍቱት። በብዙ አገር የራሱ ፈቃድ አለው፤ የመስታወቱ ክብደት ብቻ ሰው ይጎዳል።

መዝኑ

በግምት አትሥሩ። የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ሂዱና የፊቱን አክስል ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ አስመዝኑ። ነዳጅ ሙሉ ይሁን፤ ሾፌሩም ይቀመጥ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ።

ከዚያ የጨመራችሁትን ብረት አስሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ከሥር የተበየደው ላሜራ 6 ሚሊ ሜትርና 1.5 ካሬ ሜትር ከሆነ 71 ኪሎ ገደማ ነው። ያው ቁራጭ በ8 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ቢሠራ 32 ኪሎ ይሆናል። ለሞተር መከላከያ እኔ አልሙኒየሙን ነው የምመርጠው። ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ቢጫርም ለአሸዋና ለጠጠር ይበቃል።

አውርዱ

ከላይ ጀምሩ። ጣሪያ ላይ ያለ 50 ኪሎ ከሥር ካለ 50 ኪሎ የበለጠ ይጎዳል፤ መኪናው ጎኑን ሰጥቶ አሸዋ ሲወጣ የሚገለብጠው እሱ ነው። ፖርቶመጋላው፣ እላዩ ላይ የታሰረው ትርፍ ጎማና ጀሪካኑ ይውረዱ። ቀጥሎ ከአክስሉ ውጭ ወደፊትና ወደኋላ የተንጠለጠለውን አንሱ፤ ፓራውልቱንና ዊንቹን ማለቴ ነው። ሁለት ሦስት መኪና ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ ዊንች አያስፈልጋችሁም። ጥሩ መጎተቻ ገመድና ሁለት የአሸዋ ላሜራ ይበልጣሉ። የባግኖልድ ሰዎች አሸዋ ሲውጣቸው ከጎማው ሥር ረጅም የብረት ላሜራና ሸራ እያነጠፉ ነበር የሚወጡት፤ እኛም ዛሬ የምናደርገው ያንኑ ነው።

የማይነኩ ነገሮች አሉ። መኪናው ሲገለበጥ ሰውን የሚከላከለው የብረት ቱቦ፣ የወንበር ቀበቶ፣ መጎተቻ መንጠቆና የእሳት ማጥፊያ ባሉበት ይቆዩ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ሻንሲ ላይ ቀዳዳ የምትበሱ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ሻንሲው የሚሰነጠቀው ከዚያ ቀዳዳ ነው።

ባሌስትራው፦ ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ

ብረቱ ወርዶ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ በተሰረሰረ የጠጠር መንገድ ላይ 50 ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል። “ቀለለና ተበላሸ” ይላሉ። የተበላሸ ነገር የለም። ባሌስትራው አሁንም የድሮውን ክብደት እየጠበቀ ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ የኋላውን ጎማ በስልክ ይቅረጽ፤ እናንተ በ40 እና በ50 እለፉ። ቪዲዮውን አዝግማችሁ እዩት። ጎማው ከጉብታ በኋላ መሬት ለቆ ከሥሩ ብርሃን ከታየ ባሌስትራው ጠንክሯል። ጎማ አየር ላይ ባለበት ጊዜ ፍሬንም መሪም የላችሁም። ፈጣን መኪና የሚባለው ጎማው መሬት የማይለቅ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ድርድር ነው። መፍትሔው ከድርድሩ ላይ ቅጠል መቀነስ ነው፤ ግን በሒሳብ። ቅጠሎቹ እኩል ውፍረት ካላቸውና ስምንት ከሆኑ፣ አንዱ ሲወጣ ጥንካሬው በ8ኛ ያህል ይቀንሳል። ውፍረታቸው ከተለያየ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቅጠል ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ቅጠል ከ7 ሚሊ ሜትሩ በግማሽ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ በካሊፐር ሳትለኩ “አንዱን አውጣው” አትበሉ። የኋላው አክስል የተሸከመው ክብደት በስንት እጅ እንደቀነሰ ከሚዛኑ ታውቃላችሁ። ጥንካሬውንም ወደዚያው አቅርቡት፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

የትኛው ይውጣ? ዓይን ያለው ዋናው ቅጠልና እሱን የሚያቅፈው ሁለተኛው በፍጹም አይነኩም። የመጨረሻውን አጭሩን ብታወጡ ለውጡ ትንሽ ነው። ከመሃል አንዱን ምረጡ፤ ነገር ግን ከበላዩና ከበታቹ ባሉት መካከል ትልቅ የርዝመት ልዩነት እንዳይፈጠር ተመልከቱ። ደረጃው ከተሰበረ ረጅሙ ቅጠል እዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል። ከግራ ያወጣችሁትን ከቀኝም አውጡ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ ሻንሲው ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ። የመሃሉን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ድርድሩን በሁለት ወገን በሞርሳ ወይም በጠንካራ ማጥበቂያ ጠፍሩት። ሳይጠፈር ከተፈታ ቅጠሎቹ ተፈናጥረው እጅ ይመታሉ። አወጣጣቸውን በቀለም ምልክት አድርጉ። ስትመልሱ የመሃሉን ብሎን አዲስ አድርጉት።

አሁን ደግሞ አብዛኛው መካኒክ የሚረሳው ነገር። ድርድሩ ስለሳሳ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የድሮዎቹ የዩ ቅርጽ ብሎኖች ረዝመውበታል። ዳዶው ጥርሱ እስኪያልቅ ይሄድና ይቆማል። ቁልፉ ይጠብቃል፣ እጃችሁም የጠበቀ ይመስለዋል፤ ባሌስትራው ግን አልተያዘም። አክስሉ በትንሹ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻም የመሃሉ ብሎን ይቆረጣል። ሲጠብቅ ከዳዶው በታች ያለውን ጥርስ በባትሪ እዩት። ያልተነካ ጥርስ ካልቀረ አጭር ብሎን ግዙ። አሮጌውን መልሶ መጠቀም እኔ አልወድም፤ ብሎኑ ተስቦ አልቋል።

ሾኩም ይታይ። ለከባድ መኪና የተሠራ ሾክ በለሰለሰ ባሌስትራ ላይ ሲውል ጎማውን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል፤ ቀጣዩ ጉብታ ሲመጣ ጎማው ገና አልወረደም። ላንድክሩዘርና ሃይለክስ ከሆነ ደግሞ የኋላ አክስል ላይ የጭነቱን መጠን እየለካ የፍሬኑን ኃይል የሚያከፋፍል ቫልቭ ያለባቸው አሉ። የመኪናው ቁመት ሲለወጥ ቫልቩ ይሳሳታልና አስተካክሉት። የፊት መብራቱንም።

ጎማ

እዚህ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። አሸዋ ስትደርሱ ነፋስ ቀንሱ። አስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ከነበረ ወደ 18፣ ለስላሳ አሸዋ ከሆነ እስከ 14 ውረዱ። ከዚያ በታች ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። የዳናኪል ሾፌሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። መኪናው በቀለለ ቁጥር ያው ነፋስ በደንብ ይሸከመዋል፤ የቀነሳችሁት ብረት እዚህ ላይ ይከፍላችኋል። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። ነፋስ ባነሰው ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን ያግለዋል፣ ያፈነዳዋልም።

ውኃና ሙቀት

መኪናው ቀለለ ማለት ሞተሩ አይሞቅም ማለት አይደለም። አሸዋ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ስትታገሉ ነፋስ ራዲያተሩን አያገኘውም። የልዩ ኃይሉ ጂፖች የፊት ፍርግርጋቸው የተቆረጠው ለዚህ ነው። የባግኖልድ ሰዎች ዘዴ ደግሞ ያምራል። ራዲያተሩ ሲፈላ እንፋሎቱ በቱቦ ተስቦ ውኃ ወዳለበት ጣሳ ይገባል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩ ያንኑ ውኃ መልሶ ይስበዋል። አንድም ጠብታ አይባክንም። ዛሬ መኪናችሁ ላይ ያለው የፕላስቲክ መጠባበቂያ ጣሳ ሥራው ይኸው ነው። ክዳኑና ቱቦው ደህና መሆናቸውን እዩ። ከራዲያተሩ ፊት የተደረደሩትን ተጨማሪ መብራቶችም አንሱ።

ያተረፋችሁትን መልሳችሁ አትሙሉት

በሩ ክፍት፣ ኋላው ሰፊ ሲሆን ሰው መጫን ያምረዋል። የአሜሪካ ጦር በ2020 የመረጠው አይ.ኤስ.ቪ. የተባለው መኪና ይህንን በግልጽ ያሳያል። ከሼቭሮሌት ኮሎራዶ ፒክአፕ የተሠራ ነው። በር የለውም፣ ብረትም አልለበሰም፤ ዘጠኝ ወታደር ይይዛል። ባዶውን 2.3 ቶን ያህል ነው፤ 1.45 ቶን ይጭናል። 186 የፈረስ ጉልበት ባዶ ሲሆን ለአንድ ቶን 80 ይደርሳል፤ ሙሉ ጭነት ሲሆን ግን 50 ብቻ። ብረት ሳይነካው ፍጥነቱን የወሰደው ጭነቱ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ጀሪካን ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ። ውኃ አትቀንሱ፤ በረሃ ነው። የሚቀነሰው ሁለተኛው ድንኳን፣ ትልቁ ማቀዝቀዣና ተነሥቶ የማያውቀው የመፍቻ ሣጥን ነው።

ሞክሩት

መጀመሪያ ፍሬኑን ሞክሩ። ሰፊና ባዶ ሜዳ ላይ በ40፣ ከዚያ በ60፣ ከዚያ በ80 አቁሙት። ከ40 ወደ 80 ስትወጡ ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ነው፤ መኪናው ስለቀለለ ይህ ሕግ አይቀርም። ቀጥ ብሎ ካልቆመ ወደ ባሌስትራውና ወደ ፍሬኑ ቫልቭ ተመለሱ። አሸዋ ላይ ደግሞ የማታዩትን ጫፍ በፍጥነት አትለፉ፤ ከወዲያ በኩል ገደል ሊሆን ይችላል።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የዩ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ የጉዞ ዕቃችሁን በሙሉ ጭናችሁ ወደ ሚዛኑ ተመለሱ። አዲሶቹን ሁለት ቁጥሮች ከድሮዎቹ ጎን ጻፏቸው፤ የጎማውን ነፋስ ከዚህ በኋላ የምትወስኑት በእነሱ ነው።