የወላጆችን አንጎል በግፊት መለኪያ መጠበቅ

አንድ አረጋዊ ስም ሲጠፋባቸው «ጃጁ» ለማለት እንፈጥናለን። የአንጎል ትናንሽ የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው የአእምሮ መድከም ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመርሳት ሳይሆን በመዘግየት ነው። እናት የወጥ አሠራር አልጠፋቸውም፤ ሽንኩርቱን እያቁላሉ እንግዳ ማነጋገር ግን አቅቷቸዋል። እርምጃቸው ያጥራል፣ ሽንት ያጣድፋቸዋል፣ ለሚወዱት ነገር እንኳ ግድ ያጣሉ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ወደ ጥልቁ ክፍል ደም የሚያደርሱት ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግድግዳቸው ወፍሮ ይደድራል፣ መተላለፊያቸውም ይጠባል። በዚህ ጊዜ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ነጩ አካል ደም ያጥረዋል፤ አንዱ ሥር ጨርሶ ሲደፈን ደግሞ ከ15 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ይተዋል፤ ይህም ባለቤቱ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። የሞተው አካል አይመለስም፤ ስለዚህ ሥራው ያለው ቀድሞ ነው፣ በተለይም በጎልማሳነት ዕድሜ።

ለዚህም የደም ግፊትን በቤት መለካት ይረዳል። መለኪያው በእጅ አንጓ ሳይሆን ከክርን በላይ በክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን። ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጣም፤ በእኛ ቤት ይህ ከባዱ ደንብ ስለሆነ ጠዋት አቦል ሳይቀዳ መለካት ይሻላል። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አድርጎ 5 ደቂቃ ማረፍ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ በመካከል አለማውራት ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት፣ ለ7 ቀን ለክቶ በደብተር መመዝገብ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀረው አማካይ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። አረጋውያንን ቆመውም መለካት ተገቢ ነው፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መውደቅ ስለሚያሰጋ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ልፋቱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በወጣ፣ ከ9,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማውረድ የታከሙት፣ ከ140 በታች ለማውረድ ከታከሙት ይልቅ ቀላል የአእምሮ መድከም ያገኛቸው በ19 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ልክ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ትልቁ እንቅፋት «ደህና ነኝ» ብሎ ክኒን ማቋረጥ ነው፤ ግፊት አያምምምና። ጾም ሲገባም መድኃኒቱን ከመተው ሰዓቱ እንዲቀየር ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ስኳርንና ሲጋራን መቆጣጠር፣ ጨው መቀነስና በየቀኑ በእግር መሄድ ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ። «ደም ያቀጥናል» ተብሎ አስፕሪንን በራስ መጀመር ግን ለደም መፍሰስ ያጋልጣል። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ መለኪያ መፈለግ ቀርቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።